“ይበርዳል፣ ብሉ እንጂ!” ብግነት፣ ካንሰርና የአርሲ ደጋ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ 50 ዓመት ያልሞላቸው ገበሬ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ምን አግኝቷቸው እንደሞቱ ብጠይቃቸው፣ “ምግብ አልወርድ አለው፤ አለቀ” አሉኝ። ቀጥለውም ጣታቸውን እያጠፉ፣ ከዚያው አካባቢ በዚሁ ሁኔታ ያለፉ ሦስት ሰዎች ቆጠሩልኝ። ከሦስቱ አንዷ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ፣ መጠጥም የማትቀምስ ሴት ነበረች። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ መገረም የሚባል ነገር የለም። ገብሱን ውርጭ መታው እንደሚሉት ነበር የተናገሩት።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ያ መገረም የሌለበት ድምፅ ነው። የበሽታው የሕክምና ስም የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ነው። ሕዝቡ “የጉሮሮ ካንሰር” የሚለውም ብዙውን ጊዜ ይኸንኑ ነው (ከማንቁርት ካንሰር ጋር ግን አንድ አይደለም)። እኔ ሕግ የተማርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምችለው ነገር ቢኖር ማስረጃ ማገላበጥ ነው። ካንሰር ከምን ይነሳል ለሚለው ጥያቄ ባለፉት 20 ዓመታት የወጡ ጥናቶችን ሳገላብጥ ደግሞ፣ ተደጋግመው የሚጠሩት ተጠርጣሪዎች ያልጠበቅኳቸው ሆኑብኝ፤ እኛኑ ሊጠብቁ የተሰማሩት የገዛ ሕዋሶቻችን ናቸው።

ቁስሉ ተቆጣ

እሾህ ወግቶን ጣታችን ሲቀላና ሲያብጥ “ቁስሉ ተቆጣ” እንላለን። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ በየትኛውም የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁም። ሐኪሞች “ብግነት” የሚሉት ይህንኑ ቁጣ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት መቅላት፣ ማበጥ፣ ማተኮስና መታመም ብሎ የመዘገባቸው አራት ምልክቶች ዛሬም የሕክምና ተማሪዎች የሚያጠኗቸው ናቸው።

በእርግጥ የሚቆጣው ቁስሉ ሳይሆን ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ቆዳ ሲበሳ ወይም ሲቃጠል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጀርም የሚገድል ኬሚካል ባገኙት ላይ ሁሉ ይረጫሉ፣ ራሳቸውም ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። እነሱን ተከትለው ማክሮፋጅ የሚባሉት ይመጣሉ። ማክሮፋጅ አስቀድሞ የሞተውንና የተሰባበረውን እየዋጠ ያጸዳል፤ ቀጥሎ ደግሞ ግንባታ ያዛል። በዙሪያው ያሉ ሕዋሳት እንዲባዙ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲዘረጋ፣ የተቀደደው እንዲጠገን በኬሚካል መልእክት ትእዛዝ ያስተላልፋል። ሥራው ሲያልቅ ጦሩ ይበተናል፣ ቁጣው ይበርዳል፣ ቁስሉም ይሽራል።

ችግሩ ቁጣው ሳይበርድ ሲቀር ነው። ያው ቦታ በየዕለቱ ከተቃጠለ፣ ወይም የማይወጣ ጀርም ከሰፈረበት፣ ወይም ጭስ ሳያቋርጥ ከገባበት፣ ጦሩ ሳይበተን እዚያው ይሰፍራል። ለጀርም የታሰበው ኬሚካል የራሳችንን ዲኤንኤ መቆራረጥ ይጀምራል። “ተባዙ” የሚለው ትእዛዝ አያቋርጥም፤ ሕዋስ በተባዛ ቁጥር ደግሞ ዲኤንኤው ሲገለበጥ ስህተት የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ የሰፈሩ ማክሮፋጆች ጠባያቸው ይለወጥና፣ ካንሰር ለመሆን የሚያኮበኩበውን ሕዋስ ለይተው ሊገድሉ የሚመጡትን ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት “ተመለሱ፣ እዚህ ሰላም ነው” ብለው መመለስ ይጀምራሉ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ዘበኛው ግብረ አበር ሆነ ማለት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1863 በካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውን ተመልክቶ፣ ካንሰር የሚነሳው ብግነት በቆየበት ቦታ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ካንሰርን ከማይሽር ቁስል ጋር አመሳስሎ ጻፈ። ይሁንና ክሱ ለረጅም ጊዜ በአካባቢ ማስረጃ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ነጭ የደም ሕዋስ ወንጀሉ ቦታ ተገኘ ማለት ወንጀሉን ፈጸመ ማለት አይደለም። ፖሊስም እኮ ወንጀል ቦታ ይገኛል!

ቆሽት ሲያር

ወደ ቀጥተኛ ማስረጃ ከቀረቡት ጥናቶች ጥቂት የማይባሉት የተሠሩት በቆሽት ላይ ነው። ሰው ንዴት ሲበዛበት “ቆሽቴ አረረ” ይላል። ነገሩ ከአባባል ያልፋል፤ ቆሽት በእውነትም የሚያር አካል ነው። ምግብ የሚፈጭ ጭማቂ ስለሚያመነጭ፣ ጭማቂው መውጫ አጥቶ ውስጡ ሲነቃ የገዛ ሥጋውን መፍጨት ይጀምራል። ብዙ አልኮል መጠጣትና የሐሞት ጠጠር ከዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው።

በቆሽት ካንሰር ከተያዙ 10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ ኬራስ የሚባለው ዘረ መል ተበላሽቶ ይገኛል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው ተብሎ ነበር። የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ሥራ ግን ነገሩን አወሳሰበው። ይህን የዘረ መል ብልሽት በአዋቂ አይጦች የቆሽት ሕዋሳት ውስጥ ቀሰቀሱት። አይጦቹ ካንሰር አልያዛቸውም። በብልሽቱ ላይ መለስተኛ ነገር ግን የቆየ የቆሽት ብግነት ሲጨመርባቸው ካንሰሩ መጣ። ብልሽቱ ብቻውን አልበቃም፤ ቁጣ ያስፈልገው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ ጭማቂ የሚያመነጨው የቆሽት ሕዋስ ሥራውን ትቶ መልኩን እንዲለውጥ (ይህ ወደ ካንሰር የሚወስደው የመጀመሪያው እርምጃ ነው) ከሚገፋፉት መካከል ማክሮፋጆች የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች እንደሚገኙበት ታየ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ነው። አይጦቹ አንድ ጊዜ የቆሽት ብግነት እንዲይዛቸው ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቆሽታቸው ጤነኛ ነው። ነገር ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ የኬራስ ብልሽት ሲቀሰቀስ፣ ቀድሞ ብግነት ያልነበረባቸው አይጦች ላይ ከሚሆነው በበለጠ ፍጥነት ወደ ካንሰር አመሩ። ሕዋሳቱ ያለፈውን ያስታውሱ ነበር። ማስታወሳቸው ለክፉ ታስቦ አይደለም፤ ለሁለተኛው ጥቃት ተዘጋጅቶ ለመጠበቅ ነው። አማርኛችን ግን ይህን ዓይነቱን ትውስታ ቂም ይለዋል። (ቆሽቱ አንድ ጊዜ የተቆጣበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። አብዛኞቹ አይያዙም።)

ቆሽት ብቻ አይደለም። ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት የሚሰፍረው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በሚያስነሳው የማያቋርጥ ብግነት የጨጓራ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ አያከራክርም፤ ባክቴሪያውን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሳንባውን ጉዳይ ግን ትንሽ ላስረዝመው፤ ወደ አርሲ የሚወስደን እሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2023 በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ አጭሰው የማያውቁ ሰዎች ለምን የሳንባ ካንሰር ይይዛቸዋል የሚለውን ጥያቄ ይዘው ያገኙትን አሳተሙ። ብልሽት ያለባቸው ጥቂት ሕዋሳት በጤነኛ ሰዎች ሳንባ ውስጥም ተኝተው ተገኙ። ከአየር ጋር የሚገባው ደቃቅ ብናኝ የሚያደርገው ማክሮፋጆችን ማስቆጣት ነው። የተቆጡት ማክሮፋጆች ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባል መልእክት ይለቃሉ፤ መልእክቱም የተኛውን ሕዋስ ይቀሰቅሳል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2017፣ ወደ 10,000 በሚጠጉ የልብ ሕሙማን ላይ ይህንኑ መልእክት የሚያግድ መድኃኒት ሲሞከር፣ ሳይታሰብ በሳንባ ካንሰር የተያዙትና የሞቱት ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ያነበበ “እንግዲያው ሁላችንም እንውሰደው” ሊል ይችላል። ከባድ እንቅፋት አለው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በሌላ ተላላፊ በሽታ የሞቱት በርክተው ታይተዋል። ዘበኛ ሲታሰር ሌባ ይገባል።

የደጋው ተጠርጣሪዎች

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ የብቅል ፋብሪካው፣ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ዝናው፣ የነኃይሌና የነደራርቱ አገርነቱ በሰፊው የታወቀ ነው። ያን ያህል የማይታወቀው፣ አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲነሳ ስማቸው ተደጋግሞ የሚጠራ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ የዚህ ካንሰር መስመር አለ፤ ተመራማሪዎችም ኮሪደር ብለው ይጠሩታል። አርሲ የሚገኘው በዚህ መስመር ሰሜናዊ ጫፍ አካባቢ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ የካንሰር ዓይነት ሲነሳ ዋነኞቹ ተከሳሾች ትምባሆና አልኮል ናቸው። አርሲ ላይ ይህ ክስ ብዙ አያስኬድም። በአዲስ አበባ 73 ታማሚዎችን ካልታመሙ 133 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከኦሮሚያ የመጡ ሲሆኑ፣ ትምባሆ ያጨሱ ግን ጥቂቶች ነበሩ። ከአርሲ ሕዝብ ሰፊው ክፍል ሙስሊም በመሆኑ ጠላና አረቄ የማይደርስበት ቤት ብዙ ነው። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ይታመማሉ። እንግዲህ ምን ቀረ?

ከቀሩት መካከል ማስረጃው የጠነከረው በትኩሳት ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ “ምናልባትም ካንሰር አምጪ” ነው ብሎ ወስኗል። በዚያው ውሳኔ ለረጅም ዓመታት ሲጠረጠር የነበረው ቡና ራሱ በነጻ ተሰናብቷል። ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የትኩሳቱ ነው፤ ሻይም ሆነ ሙቅ ወይም ባዶ ውሃ ልዩነት የለውም። ሰሜን ኢራን ውስጥ ጎሌስታን በሚባል ክፍለ አገር፣ ሰዎች የሚጠጡት ሻይ በቴርሞሜትር እየተለካ 50,000 ያህል ሰዎች ለ10 ዓመታት ገደማ ተከታትለዋቸዋል። በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ሻይ በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ ያነሰና ቀዝቀዝ ያለ ከሚጠጡት ይልቅ በምግብ ቧንቧ ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በ90 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። በዚሁ በእኛ መስመር ላይ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በተደረገ ልኬት ሰዎች ሻያቸውን መጠጣት የሚጀምሩት በአማካይ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ ነው። በምዕራብ ኬንያም መጠጣቸውን “በጣም ትኩስ” አድርገው የሚጠጡ ሰዎች ላይ አደጋው ለብ ያለ ከሚጠጡት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ የተከላካይ ጠበቃ መከራከሪያ አውቃለሁ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ግድም ነው። በቆጂ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። “ስለዚህ የደጋ ሰው የሚጠጣው ከቆላው የቀዘቀዘ ነው” ይል ይሆናል። አያዋጣውም። ወሰኑ 65 ነው፤ ከ92 እስከ 65 ገና ብዙ መንገድ አለ።

ወደ ገንፎው እንምጣ። በአርሲ ዞን ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ከበሽታው ጋር ተያይዘው አገኘኋቸው ካላቸው ነገሮች አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው፤ የአካባቢው ኦሮሞ ማርቃ የሚለው። ገንፎ ከሻይ የሚለይበት ነገር አለ። ሻይ ሲቀመጥ ውስጡ እየተገላበጠ ይበርዳል። ገንፎ ወፍራም ስለሆነ አይገላበጥም፤ ላዩ በርዶ ሆዱ እንደጋለ ይቆያል። መሐሉ ላይ የሚፈሰው የቀለጠ ቅቤም ሙቀቱን ይዞ ይጠብቃል። ደግሞ ገንፎ አይታኘክም። ላዩን ነክቶ “ደህና ነው” ያለ ምላስ የውስጡን ትኩሳት ሳያውቅ ይልከዋል። ከንፈርና ምላስ ሲቃጠሉ እንጮሃለን፤ የምግብ ቧንቧ ግን ስሜቱ ደካማ ስለሆነ ብዙም አይናገርም። አንድ የቆየ ሙከራ እንዳሳየው ደግሞ ቧንቧው ውስጥ የሚደርሰውን ሙቀት በእጅጉ የሚወስነው የመጠጡ ትኩሳት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚዋጠው መጠን ነው። ጎረስ ጎረስ አድርጎ ወደ እርሻ የሚሮጥ ሰው፣ ፉት እያለ ከሚያወጋው የበለጠ ይቃጠላል።

ቃጠሎው ከዚያ ቀጥሎ የሚያደርገውን ከላይ ተርከነዋል። ኒውትሮፊል ይመጣል፣ ማክሮፋጅ ይከተላል፣ ተባዙ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ገንፎ ይመጣል። በብራዚል በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ 70 ዲግሪ ውሃ በተደጋጋሚ ሲሰጣቸው የቧንቧው ግድግዳ ይቆጣና ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ይባዛሉ፤ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሲጨመርበት ደግሞ መንገዱ ያጥራል።

ኬሚካሉስ በደጋው ከየት ይመጣል? ጭስ አንዱ ነው። ማድቤት ከመኝታ ያልተለየበት፣ እንጨትና ኩበት የሚነድበት ቤት ውስጥ የሚዋጠው ጭስ ከሲጋራ ጭስ ጋር የሚጋራቸው መርዞች አሉት፤ ጭሱ ራሱም ማክሮፋጅ አስቆጪ መሆኑን ከሳንባው ታሪክ አይተናል። ሴቶቹ ለምን ይታመማሉ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አላየሁም። ጫትም ተጠርጥሯል፤ በ2017ቱ ጥናት ፍንጭ ቢታይም ተከሳሹን ለማስቀጣት የሚበቃ አልነበረም። የአትክልትና የፍራፍሬ እጥረትም ይነሳል። በኬንያ በከሰል የሚታሸው እርጎ ይጠረጠራል፤ እኛም ጋ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ግን ይህን ወደ ችሎት ማቅረብ ገና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለክርክሬ አይጠቅመኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ካንሰር የሌለባቸውን ሰዎች የምግብ ቧንቧ መርምረው ነበር። ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ ከቧንቧው ግድግዳ ሰፊውን ክፍል የሸፈኑት የዘረ መል ለውጥ ያለባቸው ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። ማለትም ተኝቶ የሚጠብቀው ሕዋስ በሁላችንም ዘንድ አለ፤ በቦሌም በበቆጂም። ታዲያ ገንፎ በጎጃምም በሸዋም ይበላ የለም ወይ? ቡናው በመላ አገሪቱ በትኩሱ አይደለም ወይ የሚጠጣው? ለምን አርሲና ባሌ? ይህ ጥያቄ ገንፎን ብቻውን ጥፋተኛ ብሎ ከመፍረድ ያግደኛል። ትኩሳትና ጭስ ተደምረው ይሁን፣ ወይም በአፈሩና በእህሉ ውስጥ የጎደለ ንጥረ ነገር ይኑር፣ በዘር የሚወርድ ነገርም ይኑርበት፣ ለመለየት መጀመሪያ በትክክል መቁጠር ያስፈልጋል። በአገራችን ነዋሪውን መሠረት አድርጎ የሚቆጥር የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር የጀመረው በአዲስ አበባ፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። የገጠሩ ሰው የሚቆጠረው ሆስፒታል ከደረሰ ብቻ ነው። በለቅሶው ላይ በአዛውንቱ ጣት የተቆጠሩት ሰዎች በየትኛው መዝገብ ላይ ሰፍረው ይሆን? በበኩሌ ከመድኃኒትም ከመሣሪያም በፊት የሚያስፈልገው፣ ሆስፒታል ያልደረሰውንም የደጋ ሰው የሚቆጥር መዝገብ ነው እላለሁ።

ውሃ አልወርድ ሲል

የዚህ በሽታ ክፋት ዘግይቶ መናገሩ ነው። የምግብ ቧንቧ ተለጣጭ ስለሆነ ዕጢው እያደገ እንኳ ምግብ ያሳልፋል። ጠጣር ምግብ መያዝ የሚጀምረው ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲጠብ ነው፤ ያኔ ካንሰሩ ብዙ ተጉዟል። ሕመምተኛውም አብሮ እየተለማመደ ይሄዳል። ሥጋው ሲይዘው ይተወዋል። እንጀራው ሲይዘው በወጥ ያርሰዋል። ቀጥሎ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚት ወደ ወተት ይወርዳል። ቤተሰብ “ጨጓራው ነው” ይላል፤ ትኩስ ነገር ደረቱን ያፍታታለታል ተብሎም ይሰጠዋል! ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከወተት በኋላ ነው።

ምርመራው ኢንዶስኮፒ ነው፤ በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ናሙናም የሚቆርጥ። አሰላ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል አላት። የተዘጋውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል የብረት መረብም ከጀርመን ሐኪሞች ጋር በተደረገ ትብብር እዚያው ሲገባ ቆይቷል። ስቴንት ካንሰሩን አያድንም፤ ሰው ምራቁን መዋጥ እንዲችል፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ እንዲቀርብ ያደርጋል። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። ፈውስ የሚገኘው በሽታው ገና ሳይስፋፋ ሲደረስበት በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በኬሞቴራፒ ነው። ጨረር ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በመሆኑ፣ የአርሲ ገበሬ ወረፋ የሚጠብቀው አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ነበር።

ስለዚህ ጠጣር ምግብ ደረቱ ላይ መያዝ ከጀመረና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከዚያም ጋር ክብደት ከቀነሰ፣ “ጨጓራ ነው” ከማለት በፊት ኢንዶስኮፒ ይጠየቅ። ብግነት ይቀንሳሉ የተባሉ እንክብሎችን በራስ ፈቃድ መዋጥ አይገባም፤ የጨጓራ ደም መፍሰስ ያመጣሉ። በቤት ውስጥ የሚደረገው ግን ወጪ የለውም። ማድቤቱን መለየት ባይቻል ጭስ ማውጫ ማበጀት፤ ገንፎውን ከዳር ሳይሆን ዘርጋ አድርጎ ማቅረብ፤ ሻዩን ጥቂት ማቆየት። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ለሕፃን የሚሰጠውን ገንፎ በእጃቸው ጀርባ ለክተው፣ እፍ ብለው ነው የሚያጎርሱት። ልጁ አድጎ እንግዳ የሆነ ዕለት ነው መለካቱ የሚቀረው፤ ያኔ በትኩሱ አለማቅረብ አለማክበር ይሆናል።

ለቅሶው ላይ አዛውንቱን፣ “ከነዚህ ከአራቱ ሰዎች ገና ሲጀምረው ሐኪም ያየው አለ ወይ?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “ሐኪም ቤት የሚኬደው ውሃ አልወርድ ሲል ነው።”

ይህን ሲሉኝ ቡናው ዞሮ ደረሰን። እንፋሎቱ ገና ይነሳል። ስኒውን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የምታስተናግደው ልጅ ረከቦቱን አልፋ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው አጠገቤ ቆማ ስኒውን አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ጋሼ፣ ይበርዳል እኮ” አለችኝ።